የአቶ ገሜዳ አሜን

ዱሬቲ አባቷን ሲኒማ ቤት ልትወስድ መሆኗን ስትናገር የአስኮ ጎረቤት ሁሉ ሳቀባት። አቶ ገሜዳ በቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌ ናቸው፤ ፊልም የሚባለውን ነገር «የዓለም ነው» ብለው ከዘጉት ቆይተዋል። ልጅቱ ደግሞ ማንንም ሳታማክር በአንድ ፊልም ላይ የታመመች ሕፃን እናት ሆና ተውና ቁጭ! አሁን ሁለተኛ ፊልም መጥቶላታል። አዘጋጁ መልስ ይጠብቃል፤ አባቷ ደግሞ «አንዴ አይቼ እወስናለሁ። እምቢ ካልኩ ግን በዚሁ ያበቃል» ብለዋታል። እሷም እሺ ብላለች። ያለ አባቷ ምርቃት የተሠራ ሥራ እንደማይጥማት ታውቃለች፤ ችሎታዋንም ታውቃለች።

«ያቺን የምጸልይባትን ቦታ ብቻ ይዩልኝ» አለች በልቧ። «ከዚያ በኋላ እምቢ የሚሉበት አንጀት የላቸውም።»

ቅዳሜ ከሰዓት ወደ ጦር ኃይሎች ሚኒባስ ያዙ። ታክሲ ውስጥ መቼም ሚስጥር የለም፤ ከፊታቸው የተቀመጠች ሴት በስልክ ከባሏ ጋር ስትጣላ ተሳፋሪው ሁሉ ዳኛ ሆኖ ያዳምጣል። አቶ ገሜዳ ሳይጠየቁ «ይቅር በዪው፣ ልጄ» አሏት። ሴትዮዋ ዞር ብላ ገላመጠቻቸውና ስልኩን ዘጋች። ዱሬቲ በመስኮት ወደ ውጭ እያየች ሳቋን ዋጠች። አባቷ እንዲህ ናቸው፤ የሰው ጭንቀት ሲሰሙ ዝም ማለት አልፈጠረባቸውም።

ሲኒማው ሞልቶ ነበር። አቶ ገሜዳ ኮፍያቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡና እንደ ፈተና ተቆጣጣሪ ቀጥ ብለው ተቀመጡ። ፊልሙ መሸታ ቤት ውስጥ ሲጀምር ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ዱሬቲ አልደነገጠችም፤ የእሷ ቦታ ገና ነው።

ደረሰ። ሆስፒታል ኮሪደር ላይ፣ ግድግዳ ተደግፋ፣ «ጌታ ሆይ፣ ልጄን አትውሰድብኝ» ማለት ስትጀምር አዳራሹ ጸጥ አለ።

«አሜን!»

የማን ድምፅ እንደሆነ ለማወቅ መዞር አላስፈለጋትም። የእሁድ ጠዋት አሜን ነበር፤ ያለ ማይክ የመጨረሻው ወንበር ድረስ የሚሰማ። ከፊት ያሉት ወጣቶች በሳቅ ፈነዱ። አቶ ገሜዳ ምንም አልመሰላቸውም፤ «አዎ ጌታ፣ ስማት!» ብለው ጨመሩበት። ይሄኔ ከኋላ አንዲት ሴት ቀስ ብላ «አሜን» አለች። ሌላ ሰውም ተከተላት። ሳቁ ቆመ።

ዱሬቲን ላብ አጠመቃት። ዘወር ብላ ስታያቸው ደግሞ የባሰው መጣ፤ አባቷ እጃቸውን ዘርግተው፣ ዓይናቸውን ጥርቅም አድርገው ጨፍነዋል። ያን ሁሉ የተማመነችበትን ቦታ ቅንጣት አላዩትም! ዓይናቸውን ሲገልጡ ታሪኩ ወደ ሌላ አልፏል። ያን ጊዜ ፈራች፤ የምሯን ፈራች።

ሲወጡ ምግብ ቤት ገብተው ጥብስ አዘዙ። አቶ ገሜዳ ማዕዱን ባርከው መብላት ጀመሩ፤ ስለ ፊልሙ ግን ትንፍሽ የለም። ዱሬቲ አላስቻላትም።

«እንዴት አዩኝ፣ አባዬ?»

«አላየሁሽም» አሉ እንጀራ እየቆረሱ። «ሰው ሲጸልይ ዓይኑን የሚያፈጥ አለ እንዴ?»

«ትወና እኮ ነው፣ አባዬ! በሞቴ፣ ትወና እኮ ነው!»

እጃቸው ትሪው ላይ ቆመ። ይህን ዝምታቸውን ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቀዋለች፤ ፍርድ የሚመጣው ከእሱ ቀጥሎ ነው።

«ረሳሁታ» አሉ በመጨረሻ። «ትወና መሆኑንም፣ የእኔ ልጅ መሆንሽንም ረሳሁት። አንዲት የማላውቃት ምስኪን እናት መሰለችኝና ጸለይኩላት።»

ዱሬቲ ቀና ብላ አየቻቸው።

«ለአዘጋጁ ሰውዬ እሺ በዪው» አሉ ጉርሻ እየጠቀለሉ። «በሚቀጥለው ላይ ጸሎት ካለ ግን ቀድመሽ ንገሪኝ፤ እኔም እንደ ሰው ልይሽ።»

ጉርሻውን ተቀበለቻቸው። እያኘከች አለቀሰች።