ሰመረ የሠራት አልቃሽ

ሰመረ አልቃሿን ለመሥራት አንድ ክረምት ሙሉ ፈጀ። ቀን ቀን በቆቦ ዙሪያ ባሉት የመስኖ ጉድጓዶች የተበላሸ ፓምፕ ሲፈታና ሲገጥም ይውላል፤ እጁ ግሪስ ውስጥ ቢሆንም ሐሳቡ ሌላ ቦታ ነው። እሑድ ከሰዓት በኋላ ጓደኛው አንዷለም ፎቶ ኮፒ ቤቱን ይዘጋና ከጀርባ ባለችው ጠባብ ክፍል እሱንና ሁለት ጓደኞቻቸውን ይጠብቃል። አራት ሆነው ጠረጴዛ ከበው ይቀመጣሉ።

ጨዋታውን ወደ ቆቦ ያመጣው ራሱ አንዷለም ነው። ዩኒቨርሲቲ እያለ ከዶርም ጓደኞቹ ተምሮት፣ ደንቡን በራሱ አማርኛ ተርጉሞ ይዞት መጣ። አንዱ ታሪኩን ይመራል፤ ሌሎቹ እያንዳንዳቸው አንድ ሰው ይፈጥሩና በዚያ ሰው አፍ ይናገራሉ፣ በዚያ ሰው እጅ ይዋጋሉ። ያሰቡት ይሳካ አይሳካ የሚወስነው ሃያ ገጽ ያለው ዳይስ፣ ሲጥሉት ቁጥር የሚያወጣ ጠጠር ነው፤ ቁጥሩ ከፍ ካለ ይሳካል። የሚፈጠረው ሰው ደግሞ ሙያ አለው፤ ጦረኛ ወይም ፈዋሽ ወይም ድግምተኛ ይሆናል። አንዷለም ያመጣቸው ድግምተኞች ግን በበረዶ አገር ግንብ ውስጥ የሚኖሩ፣ ጺማቸውን የሚያፍተለትሉ ሽማግሌዎች ስለነበሩ ለሰመረ አልጣሙትም።

"የእኛን አገር ድግምተኛ እኔ እሠራለሁ" አለ አንድ እሑድ።

"ማንን? ደብተራ?" አለው ረዲ እየሳቀ። ረዲ ባጃጅ ነጂ ነው፤ በጨዋታው ውስጥም ሁልጊዜ ጦረኛ ነው።

"አልቃሽ" አለ ሰመረ።

ማንም አልሳቀም፤ ለምን አልቃሽ ብሎም የጠየቀው የለም። የሰመረን እናት ሁሉም ያውቃታል። ብርኽቲ ከወዲያ ከትግራይ በኩል በንግድ መጥተው ቆቦ ከቀሩ ቤተሰቦች ናት። ከሮቢት እስከ ጎብዬ ትልቅ ለቅሶ ሲሆን ሰው ይላክባት ነበር። እሷ ድንኳን ውስጥ ገብታ ነጠላዋን አስተካክላ አንድ ስንኝ ስታወርድ፣ ሟቹን በሕይወት ዘመኑ አይቶት የማያውቅ እንግዳ እንኳ ያነባል። አሁን ግን ሙሾ ማውረድ ትታለች። ልጇ ኤደን፣ የሰመረ ታናሽ፣ ወደ ሳውዲ ብላ በበረሃው መንገድ ከሄደች ወዲህ ድምጿ ጠፍቶ ቀርቷል። ብርኽቲ ግን "ደህና ናት፤ ስልኳ ጠፍቶባት ነው" እንዳለች ዓመታት አለፉ። ለቅሶ ሲጠሯት "በልጄ ላይ ሟርት አልጠራም" ብላ ሰውን ከደጇ ትመልሳለች።

የሰመረ አልቃሽ ድግምቷ ቃሏ ነው። አንዱን ስንኝ ስታወርድ የጠላት ጉልበት ይከዳዋል፤ ሌላውን ስታወርድ የወዳጅ ቁስል ይጠግጋል። ይህን ሁሉ ሰመረ ጽፎ ሲያመጣ ፈሪሀ ታርመዋለች። ፈሪሀ የሒሳብ አስተማሪ ናት፤ የቁጥሩ ነገር ለእሷ የተተወ ነው። አንዱ ሙያ ከሌላው እጅግ ከበለጠ ሌሎቹ ተጫዋቾች ሥራ እንደሚፈቱ ታውቃለች። ስለዚህ የእያንዳንዱን ድግምት ጉልበት ትደምራለች፣ ከፈዋሹና ከጦረኛው ጋር ታስተያያለች፣ ከዚያ ቀይ እስክሪብቶዋን ታነሣለች።

"ይህቺኛዋ ስንኝ የጦረኛውን እጥፍ ትመታለች፤ ቀንሳት" ስትለው ይቀንሳል። "እዚህ ጋ ደግሞ በጣም ደካማ ሆነችብህ" ስትለው ይጨምራል። አይከራከራትም። አንድ ድግምት ብቻ ግን እንድትነካበት አልፈቀደም። ስሙን "ጥሪ" ብሎታል። ከጓደኞቿ አንዱ ሲሞት አልቃሿ ስሙን ጠርታ ታለቅስለትና የሞተው እንደነበረ ሆኖ ይነሳል። ገደብ የለውም፣ ድካም የለውም፣ ምንም አይከፈልበትም።

ክረምቱ ወጥቶ ማሽላው ማዘርዘር ሲጀምር አልቃሿን ሊሞክሯት ተቀመጡ። አንዷለም ታሪኩን መራ፦ ጎርፍ የወረደበት ቦይ፣ ቦዩ ውስጥ የሚኖር ዘንዶ። የረዲ ጦረኛ ዘንዶው አፍ ውስጥ ገብቶ ሞተ። ሰመረ ጥሪን አነበበ፤ ጦረኛው ተነሳ። ረዲ ጮቤ ረገጠ። ጥቂት ቆይቶ ጦረኛው እንደገና ሞተ፤ እንደገና ተነሳ። በሦስተኛው ረዲ ዳይሱን ጠረጴዛው ላይ ጣል አድርጎ ወደ ኋላ ተደገፈ።

"ወላሂ ሞት ሰለቸኝ" አለ። "እኔ እኮ ከእንግዲህ ዘንዶውን አልፈራውም። ለምን ብዬ እጠነቀቃለሁ? ዝም ብዬ ልግባለት።"

"ዘንዶውም ከንቱ ሆነ፣ እኔም ከንቱ ሆንኩ" አለ አንዷለም።

ፈሪሀ እስክሪብቶዋን አነሣች። "ሰመረ፣ ይህን ነገር እናስተካክለው። በጨዋታው አንድ ጊዜ ብቻ ይፈቀድላት፤ ወይም ከራሷ ዕድሜ ላይ ይቀነስ። አንድ ነገር ትክፈልበት።"

"አይሆንም።"

"ሞት ከሌለ እኮ የአልቃሿ ሌላው ድግምት ሁሉ ትርጉም የለውም። ማንም ሰው ካልቀረ ለማን ታለቅሳለች?"

"አይሆንም አልኩሽ!" ሰመረ ጠረጴዛውን መታ። "ስሟን ጠርታት ካልተነሳች ምን ይሠራል? ካልተነሳችማ አልቃሽ መሆኗ ምን ሊረባት ነው?"

የሞተው የረዲ ጦረኛ ወንድ ነው። ሰመረ አፉ ያወጣውን ቃል የሰማው ከሁሉም መጨረሻ ነበር።

ፈሪሀ እስክሪብቶዋን ቀስ ብላ አስቀመጠች። "ሰመረ፣" አለችው ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ "እኔ ስለ ጨዋታው ነው የማወራው። አንተ ግን ስለ ጨዋታው አይደለም።"

ተነሥቶ ወጣ። አስፋልቱ ዳር እንደደረሰ የረዲ ባጃጅ አጠገቡ መጥታ ቆመች። ረዲ ሞተሩን አጠፋ፤ ሲናገር ግን መሪውን እንጂ የሰመረን ፊት አላየም።

"አንድ ነገር ልንገርህ። ከነገርኩህ በኋላ ከፈለግህ ምታኝ። ባለፈው ከሮቢት አንዲት ልጅ ጭኜ ነበር፤ ሀስና ትባላለች። ከሳውዲ ተይዛ የተመለሰች ናት፤ አሁን ጎብዬ መናኸሪያው አጠገብ ሻይ ቤት ትሠራለች። ወሬ ወሬን ሲያመጣ የቆቦዋን ኤደንን አውቃታለሁ አለችኝ። በበረሃው አብረው ነበሩ።"

"እና?"

"እናማ አልጠየቅኳትም። ፈራሁ። ለአንተም ሳልነግርህ ይኸው ዛሬ ደረሰ።"

ሰመረ አልመታውም። በማግስቱ ከሥራ ቀርቶ በሚኒባስ ጎብዬ ወረደ።

ሀስና ቀጠን ያለች፣ ሻሽዋን አጥብቃ ያሰረች ልጅ ናት። ሰመረ ከመናገሩ በፊት ትሪውን አስቀመጠች። "የኤደን ወንድም ነህ" አለችው። "ቅንድባችሁ አንድ ነው።"

ከሻይ ቤቱ ጀርባ ካለ ግንድ ላይ ተቀመጡ። ሀስና አልቸኮለችም፤ ያላየችውንም አልጨመረችም። በጅቡቲ በረሃ ደላላው አጭር ነው ብሎ ያስገባቸው መንገድ እንዳላጠረ፣ በጀሪካን የያዙት ውሃ ባሕሩ ሳይታይ እንዳለቀ፣ ኤደን አንዲት እሾሃማ ዛፍ ሥር ቁጭ ብላ "እናንተ ሂዱ፤ ትንሽ ልረፍና እደርስባችኋለሁ" እንዳለች ነገረችው። ደላላው አልጠብቅም አለ። ሀስና ከፊት ውሃ አግኝታ በኮዳ ይዛ ስትመለስ ኤደን በዚያው እንደተቀመጠች ነበረች።

"የተኛች መስሎኝ ጠራኋት" አለች ሀስና። "ስሟን ጮኬ ጠራሁት።" ከዚያ እጇን አየች። "ፊቷን በሻሼ ሸፍኜ ነው ድንጋዩን የደረደርኩት። አላህ ያውቃል፣ አልተውኳትም።"

"ለምን አልነገርሽንም?"

"እናቷ ትጠብቃታለች ሲሉ ሰማሁ። በምን አፌ ብዬ?"

ሰመረ ለእናቱ ብቻውን ሊነግራት አልደፈረም፤ ወጉም አይደለም። ጎረቤታቸውን ጋሽ ወልደ ሚካኤልን አማከራቸው። እሳቸው ለሰፈሩ ነገሩ፤ ሰዉም ገና ጎህ ሲቀድ በደጃቸው ተሰበሰበ። ብርኽቲ በሩን ከፍታ ያን ሁሉ ሰው በዚያ ሰዓት ስታይ የመጡበትን አልጠየቀችም። መርዶ ለማርዳት ስንት ጊዜ አብራ ሄዳ ታውቃለች። የሁሉንም ፊት በተራ አየችና ሰመረ ላይ ስትደርስ ቆመች።

"የት ነው?" አለች።

"በረሃው ላይ፣ እማ። ከባሕሩ ሳትደርስ።"

"ጠምቷት ነው?"

ሽማግሌዎቹ መሬት መሬት አዩ። "አዎ፣ እማ" አለ ሰመረ።

ድንኳን ተጣለ። ከሮቢትም ከጎብዬም ሰው መጣ፤ ብርኽቲ ለሟቹ አልቅሳ የማታውቅለት ቤት አልነበረምና። ሴቶቹ ደረታቸውን እየመቱ ዙሪያዋን ከበቧት። ሙሾውን ማን ሊያወርድ? እሷ እያለች ማን ይደፍራል? ሰመረ በድንኳኑ ጫፍ ቆሞ እናቱን ያያት ነበር። እነዚያን ዓመታት ሁሉ ዝም ያለችው ለዚህች ቀን የሚሆን ቃል በሆዷ ይዛ ነው ብሎ ያምን ነበር።

ብርኽቲ ነጠላዋን አስተካከለች። ድምጿ ያው የድሮው ድምጽ ነው፤

"ውሃ ልትሻገሪ፣ ውሃ ጠምቶሽ ቀረሽ፣"

ሴቶቹ እህህ ብለው ተቀበሏትና ቤት መምቻውን ጠበቁ። አልመጣም። ብርኽቲ ያንኑ ስንኝ ደገመችው። አሁንም ተከታዩ አልመጣም። ለሰው ልጅ ሁሉ ቃል ሞልቶ የተረፋት ሴት አፏን ከፍታ ቀረች። በስተመጨረሻ "ውሃ" ብቻ አለች፤ ከዚያ ያም ጠፋ። ፍሬሕይወት የምትባል ጎረቤታቸው፣ ድምጽ የሌላት፣ ሙሾም የማትችል ሴት፣ ዝምታውን መሸከም አቅቷት ያገኘችውን ግጥም ማውረድ ጀመረች። ሴቶቹም ተከተሏት። ብርኽቲ በመካከላቸው ተቀምጣ እንደ ማንኛዋም ለቀስተኛ ትወዛወዝ ነበር።

አንዷለም፣ ረዲና ፈሪሀ ሦስቱንም ቀን ከድንኳኑ አልጠፉም። ረዲ በባጃጁ ውሃና ወንበር ሲያመላልስ ዋለ። ፈሪሀ ሰመረ አጠገብ ተቀመጠችና "አላህ ጽናቱን ይስጥህ" አለችው። ከዚያ "ያን ቀን የተናገርኩት..." ብላ ጀመረች።

"ልክ ነበርሽ።"

"ልክ መሆን አልፈለግሁም ነበር" አለች።

ከአርባዋ በኋላ አንድ እሑድ ሰመረ ማንም ሳይጠራው ፎቶ ኮፒ ቤቱ ጀርባ መጣ። አልቃሿን እንደገና ሠርቷታል። አሁን ጥሪ ማንንም አያስነሳም። አልቃሿ ስትጠራው የሞተው ሰው ስንኙ እስኪያልቅ ድረስ ይሰማታል፤ ሊናገር የቀረው ነገር ካለ ተናግሮ ይሰናበታል፤ ከዚያ ይሄዳል። እሷም እስኪነጋ ድምጿ ተዘግቶ ታድራለች። ይህም የሚሆነው ዳይሱ ከፍ ካለ ብቻ ነው። ዝቅ ካለ ቃሉ ይጠፋባታል፤ ሟቹም ሳይሰማ ይሄዳል።

ፈሪሀ አንብባ ስትጨርስ ቀይ እስክሪብቶዋን አላነሣችም።

"አሁን ደግሞ በጣም አደከምካት" አለች። "ማንም አይመርጣትም። ቢያንስ ዳይሱን ተውላት። ቃሉ አይጥፋባት።"

"ይጠፋል ፈሪሀ። አይቻለሁ።"

ከዚያ በኋላ ስለ ቁጥሩ ማንም አልተከራከረም። "እኔ እመርጣታለሁ" አለ ረዲ፣ ጦረኛ ብቻ የነበረው ረዲ። ሰመረ ራሱ ተራ ጦር ያዥ ያዘ።

በዚያ ቀን ጨዋታ የፈሪሀ ፈዋሽ ቁስለኛ ልታወጣ ገብታ ገደል ሥር ወደቀች። ሊያድናት የሚችል ሌላ ፈዋሽ አልነበረምና ሞተች። ረዲ ለጥሪው ዳይሱን በሁለት እጁ አፍኖ ቆየና ጣለው። ዝቅ ያለ ቁጥር ይዞ አረፈ። ቀድሞ ቢሆን ተሳድቦ ይስቅ ነበር፤ አሁን ግን ቁጥሩን ብቻ አየው።

"ቃሉ አልመጣልህም" አለ አንዷለም። "ምን ታደርጋለህ?"

ረዲ ዳይሱን ወደ ጎን ገፋ አደረገ። "አጠገቧ እቀመጣለሁ" አለ።

ፈሪሀ በሻሽዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። ሰመረ የእሱም ጦር ያዥ እንደሚቀመጥ ተናገረ፤ አንዷለምም ታሪኩን ለመቀጠል አልቸኮለም።

ሰመረ ቤቱ ሲገባ እናቱ ግቢ ውስጥ በሰፌድ ማሽላ ትለቅማለች። ከሮቢት ሰዎች መጥተው እንደነበር ነገረችው፤ አልቃሽ ፈልገው። "ለቅሶው ላይ እደርሳለሁ፤ ሙሾውን ግን ሌላ ፈልጉ አልኳቸው" አለች። ሰመረ ጃኬቱን አውልቆ አጠገቧ ተቀመጠና ከሰፌዱ ጠጠር ያወጣ ጀመር።

ማሽላው ሊያልቅ ሲል "ኤደን ለቀማ አትወድም ነበር" አለች ብርኽቲ።

"ነበር" ብላ ስለ ኤደን ስትናገር ሰመረ ሲሰማት የመጀመሪያው ጊዜ ነው። ጠጠሩን በጣቶቹ መካከል እንደያዘ "አዎ፣ እማ" አላት፤ "አትወድም ነበር።"