የፈርጥ ቆርቆሮ

መካኒሳ አቦ አካባቢ ወርቅ የገዛ ሰው ሪሐናን ያውቃታል። በጀማሉዲን ወርቅ ቤት ስድስት ዓመት ስትሸጥ፣ ወርቁን መፈተኛ ድንጋይ ላይ አሸት አድርጋ «አሥራ ስምንት ካራት ናት፤ ሃያ አንድ ያሉሽ ሸውደውሻል» ካለች አለቀ፣ ተሳስታ አታውቅም። ስለ አልማዝ የምታውቀው ግን መስታወት እንደሚቆርጥ ብቻ ነው፤ እሱንም ስልኳ ላይ ነው ያየችው። ደንበኛ ሲጠይቃት ታዲያ አላውቅም ማለት አይሆንላትም፤ አንገቷን ቀና አድርጋ «አልማዝማ ሲያዩት ይታወቃል» ትላለች።

ሱቁ አሮጌ ወርቅ ሲገዛ ፈርጡን አይመዝንም። ሪሐና ፈርጡን በወረንጦ ትነቅልና የከረሜላ ቆርቆሮ ውስጥ ጣል ታደርገዋለች። መልሱልኝ የሚል የለም፤ ብርጭቆ ምን ይሠራል?

ማክሰኞ ጠዋት፣ ቅዳሜ ዕለት ቀለበቷን በጉትቻ የለወጠችው ወይዘሮ ተናኘወርቅ ነጠላዋ መሬት እየጠረገ ገባች።

«ሪሐናዬ፣ ፈርጤ የት አለ?»

«ምነው እትዬ ተናኜ?»

«ባለቤቴ ቤቱን ቀውጢ አድርጎታል። አልማዝ ነበር ይላል! ሃያ ዓመት ሙሉ አልማዝ ነበር ያሰርኩልሽ ይላል!»

ሪሐና ቆርቆሮውን ባንኮኒው ላይ ዘረገፈችው። ሃምሳ የሚሆኑ ነጫጭ ጠጠሮች ተበተኑ፤ ሁሉም ያብለጨልጫሉ።

«የትኛው ነው?» አለች ተናኘወርቅ።

ሪሐና ጠጠሮቹን በጣቷ በተን በተን አደረገቻቸው።

«ሲያዩት ይታወቃል አላልሽኝም? ቅዳሜ እኮ ነው ያልሽኝ! በይ እያየሽው ነው።»

ደግነቱ ቀለበቱ ገና አልቀለጠም። ሪሐና ጠጠሮቹን አንድ በአንድ ባዶው የፈርጥ ጎድጓዳ ላይ ሞከረቻቸው። ሦስቱ ልክክ አሉ። አንዱን አንስታ «ይኸውልሽ» ብትል ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር፤ አፏንም ከፍታ ነበር።

«እትዬ» አለች፣ «አላውቅም። እኔ የማውቀው ወርቅ ነው። አልማዝ ከብርጭቆ ለይቼ አላውቅም።»

ስድስት ዓመት ከአፏ ያልወጣ ቃል ነበር። ተናኘወርቅ አፍጥጣ አየቻት።

ብስራተ ገብርኤል የአልማዝ መፈተኛ መሣሪያ ያላቸው ጌጥ ሠሪ አሉ፣ አቶ ኢሉ የሚባሉ። ሪሐና ዘበኛውን በንቲን በሩ ላይ አቁማ፣ ሱቁን ቆልፋ፣ ቀለበቱንና ቆርቆሮውን ይዛ ከተናኘወርቅ ጋር ታክሲ ውስጥ ገባች። ሪሐና መንገዱን ሁሉ ስታስብ ነበር። ሦስቱም ብርጭቆ ቢሆኑስ? ሴትዮዋ መጀመሪያም ብርጭቆ ነበር ብላ ልትሄድ ነው? «ሪሐና ለወጠችብኝ» ነው የምትለው። ከዚያ በኋላ መካኒሳ ላይ ማን ወርቁን ያሳየኛል?

አቶ ኢሉ እስክሪብቶ የመሰለውን መሣሪያ አወጡ። አልማዝ ከነካ ይጮሃል። የመጀመሪያው፣ ዝም። ሁለተኛው፣ ዝም። ሦስተኛው፣ ዝም።

ተናኘወርቅ ቀስ ብላ ዞራ አየቻት። ከአስተያየቷ ስድብ ይሻል ነበር።

«ሁሉንም ይንኩልኝ!» አለች ሪሐና ቆርቆሮውን እየገለበጠች። «አንድም እንዳይቀር!»

ሠላሳ ምናምነኛው ላይ ጢጥ! አለ። ምስር የምታክል ጠጠር።

ተናኘወርቅ ቀማችና ቀለበቷ ላይ አስቀመጠቻት። በጎድጓዳው ቀዳዳ ሾልካ ወደቀች። ደገመች፤ ሾለከች። የኔ ናት ብትል ማን ይከራከራታል?

«የኔ አይደለችም» አለች በመጨረሻ። ቀጥላም ሳቋ መጣ። «ሃያ ዓመት ሙሉ ዕቃ ሳጥብ አውልቄ የማስቀምጠው ብርጭቆ ኖሯል! ቆይ፣ ማታ ወደ ቤት ይመጣ የለ!»

ሪሐና አልሳቀችም። በስድስት ዓመት ስንት ሴት እጇን ዘርግታላት «ድንጋይ አይመዘንም» ተብላ ሄዳለች?

«ይቺስ የማን ናት እትዬ?»

ተናኘወርቅ ነጠላዋን ሰብሰብ አደረገችና ጠጋ አለቻት። «ለጀማሉዲን ደውዪለት፣ አለሁልሽ።»

ጀማሉዲን ወዲያው አነሳ። «ሱቄን ለማን ጥለሽ ነው የሄድሽው?»

ሪሐና ጠጠሯን መዳፏ ውስጥ ጨበጠቻት። «ጋሼ» አለች፣ «የድሮ ደረሰኞቹን ያውጡልኝ። አንዲት ሴትዮ መፈለግ አለብን።»