ሳትሰማ የምታልፈው ሚኒባስ

ልጄ ማርያማዊት ዛሬም ከይጁቤ ባዶ መኪና ይዛ ተመለሰች። የነዳጅ መኪና ከውጭ መግባቱ ሲቀር ከሁለት ጓደኞቿ ጋር ተደራጅታ የገዛቻት የኤሌክትሪክ ሚኒባስ ናት። የመናኸሪያው ማኅበር ከደብረ ማርቆስ ይጁቤ ያለውን መስመር ለአሥራ አምስት ቀን በሙከራ ሰጥቷታል። በየመንገዱ ያለውን የገጠር ሰው ካላነሳች ግን መስመሩ ይወሰድባታል። ስምንት ቀን ብቻ ቀርቷል።

እኔን ስጋት አይለቀኝም። መብረቅ ቢመታትስ? ወንዝ ስትሻገር ውኃ ቢገባባትስ? ገመዷ ግቢያችን ውስጥ ተሰክቶ ሳይ ዶሮዎቼን እንኳ ከአጠገቡ አባርራለሁ።

ሙከራው ሊጀመር ሲል ስብሰባ ተጠርቶ ነበር። የአካባቢ ጥበቃው ባለሙያ ያረጁ መኪኖች ጭስ እንደሚለካ፣ በትምህርት ቤትና በቤተ ክርስቲያን አጠገብም ክላክስ እንደማይነፋ ተናገረ። አቶ ደመላሽ ተነሡ። በዚያ መስመር ሃያ አምስት ዓመት በናፍጣ መኪና የሠሩ ሰው ናቸው።

«ጭሴ ዛሬ ከበዳችሁ? ስንቷን ምጥ የያዛት ሴት ሐኪም ቤት ያደረስኩት በዚሁ ጭስ ነው። መብራት ሲጠፋ ይቺ ልጅ በሻማ ልትነዳ ነው?»

አዳራሹ ሳቀ። ማርያማዊትም ሳቀች።

«ናፍጣ ሲጠፋስ ጋሼ ደመላሽ፣ እርስዎ በጠላ ሊነዱ ነው?»

እኔ ግን አልሳቅሁም። ልጄ መናኸሪያ አጠገብ ስታድግ በጭስ ስትስል ከርማለች። እሷን ሳምጥ ሐኪም ቤት ያደረሱኝም እሳቸው ናቸው። ለማን እንደምፈርድ አላውቅም።

ሰው የማይሳፈረው ፈርቶ ነው ይባላል። እውነቱን ማወቅ ፈለግሁና በማግስቱ ከልጄ ጎን ተቀመጥኩ። መጀመሪያ እግሬን ከወለሉ አንሥቼ ነበር፤ ቆይቼ አወረድኩት። የነፋስ ሽውታና የጎማው ፍትጊያ ብቻ ነው የሚሰማው። መንገድ የዘጉ አህዮች እንኳ አጠገባቸው እስክትደርስ ጆሯቸውን አላነሡም።

ከግማሽ መንገድ በኋላ መንገድ ዳር ካለው ዋርካ ሥር ወረድኩ። ልጄ መንገዷን ቀጠለች፤ እኔ ወደ ክርስትና እናቷ ወደ እማሆይ ወለተ ሚካኤል ቤት ወጣሁ። ቤታቸው ከመንገዱ በላይ ባለው ተረተር ላይ ነው። መንገዱን ባሕር ዛፍ ይከልለዋል። እማሆይ ደጃፋቸው ላይ ባቄላ ይፈለፍላሉ። አጠገባቸው አንድ ቅርጫት እንቁላል በጭድ ተሸፍኗል።

«ገበያ ሊሄዱ ነው እማሆይ?»

«መኪና ሲመጣ ነዋ።»

«አሁን አለፈችኮ! እኔ በምን የመጣሁ መሰለዎት?»

«በእግርሽ ነዋ። መኪና አልመጣም። ዓይኔ ቢደክምም ጆሮዬ ደህና ነው።»

ልመልስ ስል ከወንዙ በኩል ጉርምርምታ ተሰማ። እማሆይ ብድግ አሉ።

«ደመላሽ ወንዙን ተሻገረ። ይኸው ማርሽ ቀየረ። ነጠላዬን እስክለብስ ዳገቱን ይጨርሳል።»

ከየቤቱ ሰው ወጣ። አንዱ ዶሮ፣ አንዷ የበርበሬ ቋጠሮ ይዘው ሁሉም ቁልቁል ወረዱ። ተገርሜ ቆምኩ። ለካ እዚህ መንገድ ዳር ቆሞ መኪና የሚጠብቅ የለም! ሰው ቤቱ ሥራውን ይሠራል፤ ሲሰማ ይወርዳል። የልጄ መኪና ደግሞ አትሰማም።

ለማርያማዊት ስነግራት ግንባሯን ያዘች።

«ታዲያ ክላክስ ልንፋ?»

«ክላክስ ለአህያ ነው፤ ማን ከቤቱ ይነሣለታል? ደግሞ ዋርካው አጠገብ ትምህርት ቤት አለ፤ እዚያ ተከልክሏል።»

ትምህርት ቤቱን ስጠራ ደወሉ ትዝ አለኝ። ዛፍ ላይ የተሰቀለ የድሮ መኪና ቸርኬ ነው፤ በብረት ሲመታ ማዶ ድረስ ይሰማል። ልጆቹ ለእረፍት ሲወጡ ዋርካው ሥር እንድትደርስ ተስማማን። እኔም ቸርኬው ሲመታ እንዲወርዱ በተረተሩ ላይ ቤት ለቤት ዞሬ ነገርኩ።

ሰኞ ቸርኬው ተመታ። ከእማሆይ ጋር ወረድን፤ ዘጠኝ ሆነን ዋርካው ሥር ቆምን። ጸጥ ነው። በግ የያዘ አወቀ የሚባል ገበሬ አፈጠጠብኝ።

«ሥራነሽ፣ ነፍስ ካላት ትንፋሿን አሰሚን እንጂ! በጌ ፀሐይ መታው።»

መብራት ጠፍቶ ይሆን? መንገድ ላይ ቆማ ይሆን? ሁሉም ከበውኝ ሲከራከሩ ከኋላችን የልጄ ድምፅ መጣ።

«መቼ ነው የምትሳፈሩት? ከመጣሁ ቆየሁኮ!»

ዞር አልን። ነጯ ሚኒባስ በሯን ከፍታ ቆማለች። እማሆይ ቀረብ ብለው የታመመ ልጅ ደረት እንደሚያዳምጡ ጆሯቸውን መኪናዋ ላይ ለጠፉ።

«ይቺማ ተኝታለች» አሉና እንቁላላቸውን አቅፈው ገቡ።

ሌሎቹም ተከተሏቸው። አወቀ ብቻ በጉን ይዞ ቀረ። «እኔ የምትሰማዋን እጠብቃለሁ» አለ።

በየቀኑ ተሳፋሪው ጨመረ፤ በአሥራ አምስተኛው ቀን ማኅበሩ መስመሩን አጸናላት። ያን ዕለት መናኸሪያው በር ላይ ከአቶ ደመላሽ ጋር ተገጣጠምን። ቀና ብዬ ማየት አፍሬ ነበር።

«ያንን ቸርኬ ለትምህርት ቤቱ ማን እንደሰጠ ታውቂያለሽ?» አሉኝ።

«ማን ሰጠው?»

«እኔ ነኛ! የመጀመሪያ መኪናዬ ቸርኬ ነው። አርጅቶም ለእናንተ ይሠራል።»

ሳቃቸው ስለመጣ እኔም ደፈርኩ።

«የኤሌክትሪኳስ ቸርኬ፣ ስታረጅ እንዲህ ይጮህ ይሆን አቶ ደመላሽ?»

ጢማቸውን እያሻሹ አሰቡ። «እሱን እኔም ማወቅ እፈልጋለሁ» አሉ።