አሥራ አንድ ግማሽ ሰዓቶች

ብሪን ሃውግ ጓንቷን ስታጠልቅ ማርላ ሌቶ ቀና ብላ አላየችም። ማየት አያስፈልጋትም ነበር። ሽማግሌው አለቃቸው ኦርቪል ኒስካ ካፖርታቸውን ከመስቀያው ሲያወርዱ፣ የመኪናው ቁልፍ ሲንቀጫቀጭ፣ መሰላሉ ከግድግዳው ጋር ሲላተም ከሰማች፣ ዛሬም ቤት ለመለካት የምትሄደው ብሪን ናት ማለት ነው።

"ማርላ፣ ከሐይቁ ዳር ምን ላምጣልሽ?" አለች ብሪን በሩ ላይ ቆማ።

"በረዶ ከሆነ አለኝ።"

ኦርቪል ሳቁ። ለእሷ ይሳቁ ለብሪን ማርላ አልገባትም፤ መኪናው ከተነሣ በኋላም ነገሩ ከአእምሮዋ አልወጣ አለ።

ዱሉዝ ከተማ ውስጥ ባለችው በዚያች ባለ ሦስት ክፍል ቢሮ ሁለቱም ተለማማጅ የቤት ገማቾች ናቸው። አንድ ሰው በራሱ ስም ቤት ለመገመት ፈቃድ ካለው ገማች ሥር ሺህ ሰዓት መሥራት አለበት። እያንዳንዱ ሰዓት በመዝገብ ይጻፋል፤ ቀኑ፣ ቤቱ፣ የተሠራው ሥራ፤ ከጎኑ አለቃው ይፈርማል። ፊርማ ብቻውን ግን አይበቃም። በግምት ሪፖርቱ መጨረሻ ገጽ ላይ ተለማማጁ በስሙ ተጠርቶ ምን እንደሠራ መገለጽ አለበት። ስሙ ከሌለ ለዚያ ቤት ያፈሰሰው ሰዓት አይቆጠርለትም።

ኦርቪል በግንቦት መጨረሻ ሥራ ያቆማሉ። ይህን ሁለቱም ያውቃሉ። ማርላ እሳቸውን ከማግኘቷ በፊት አሥራ ዘጠኝ ገማቾችን ጠይቃ ነበር፤ ተለማማጅ መውሰድ ጣጣ ነው ብለው ሁሉም በትሕትና መልሰዋታል። በአርባ ዘጠኝ ዓመቷ እንደገና ያን ሁሉ በር የማንኳኳት አቅም የላትም።

ወደዚህ ቢሮ የመጣችው ባሏ ራይኖ በሞተ በአምስተኛው ወር፣ ከብሪን ስምንት ወር ቀድማ ነው። በመጀመሪያው ቀን የራይኖን የብረት ሜትር ይዛ መጥታ መሳቢያዋ ውስጥ አስቀመጠች። በጋውን ከኦርቪል ጋር ጥቂት ቤቶች ለካች። በኅዳር ብሪን የሰዓቷን ገሚስ ሌላ ገማች ዘንድ ሠርታ ስትመጣ ግን ሜትሩ ከመሳቢያው መውጣቱ ቀረ። ማርላ ጠረጴዛዋ ላይ ተቀምጣ ሰሞኑን የተሸጡ ተመሳሳይ ቤቶችን ትፈልጋለች፤ እዚህ ግማሽ ሰዓት፣ እዚያ አንድ ሰዓት። ብሪን አንድ ቀን ወጥታ ስትመለስ አምስት ሰዓት ትጽፋለች።

ማርላ የብሪንን መዝገብ መደርደሪያው ላይ ተከፍቶ ስታገኘው የሰው ደብዳቤ እንደሚያነብ ሰው ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታ ታነበው ነበር። በየካቲት ብሪን አለፈቻት። ከሰዓቱ ይልቅ ግን የከሰል ፍም የሚሆንባት የመኪናው ጉዞ ነው። ኦርቪል ከብሪን ጋር ሲመለሱ የጋራ ቀልድ ይዘው ይመለሳሉ። ቅቤው የወረቀት ከረጢቱን ያራሰው፣ በሥጋና በድንች የተሞላ ፓስቲ ገዝተው በመንገድ ላይ በልተዋል። ለእሷም አንድ ይተርፋታል፤ ሁልጊዜ ግን ቀዝቅዞ።

ጥር ላይ ኦርቪል ዓይናቸው እየደከመ ስለመጣ፣ ሪፖርት ከመላኩ በፊት የመጨረሻውን ገጽ እንድታነብላቸው ማርላን ጠየቋት። ሰውየው ከድሮም ያቺን የስም ዐረፍተ ነገር እንደ አዲስ አይጽፉም፤ ከቀደመው ሪፖርት ገልብጠው ያስተካክላሉ። አንድ ቀን ማስተካከሉን ረሱ። ብሪን ጣሪያ ሥር ድረስ ወጥታ የለካችው ቤት ሪፖርት ላይ ተመሳሳይ ቤቶችን የመረጠችው የማርላ ስም ብቻ ነበር።

ማርላ እርሳሷን አነሣች። በዚያው ቅጽበት ሁለቱ በረዶውን ከጫማቸው እያራገፉ ሲሳሳቁ ሰማች። እርሳሱን መልሳ አስቀመጠችው። ራሳቸው ያዩታል፣ አለች በልቧ። አላዩትም፤ ሪፖርቱ ሄደ። የሚቀጥለው ከእሱ ተገለበጠ። እንዲህ እንዲህ እያለ አሥራ አንድ ደረሰ። ማንበብም ሥራ ነውና ማርላ አሥራ አንድ ጊዜ መዝገቧ ላይ ጻፈች፦ የመጨረሻውን ገጽ አንብቤ አረጋግጫለሁ፤ ግማሽ ሰዓት።

ብሪን በመጋቢት መጨረሻ ሺህ ሰዓቷን ሞልታ ፈቃድ ለሚሰጠው የግዛቱ ቦርድ አመለከተች። ቦርዱ ከመዝገቧ ሦስት ቤቶችን መርጦ ሪፖርታቸውን ጠየቀ። በሚያዝያ አጋማሽ የመጣው ደብዳቤ አጭር ነበር፤ በሁለቱ ላይ ስሟ የለም።

ኦርቪል የክረምቱን ፋይሎች በሙሉ አውጥተው አንድ ቀን ሲያነቡ ዋሉ። በማግስቱ ሁለቱን ክፍላቸው ጠሩ። የማርላ መዝገብ ጠረጴዛው ላይ ተከፍቶ ነበር፤ የዚህን ዓመት ገጾች ገና አልፈረሙባቸውም።

"ይሄን ገጽ አንብበሽዋል?" አሉ፣ ጣታቸውን መስመሩ ላይ አድርገው።

አላነበብኩም ብትል መዝገቧ ውሸት ነው።

"አንብቤዋለሁ።"

"አሥራ አንዱንም?"

"አሥራ አንዱንም።"

ብሪን ወደ መስኮቱ ዞረች። "እኔ እኮ እሳቸው ረስተው ነው ብዬ ሳዝንላቸው ነው ያደርኩት" አለች።

"ረስቻለሁ። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ለቦርዱም እንደዚያው እጽፋለሁ" አሉ ኦርቪል። ከዚያ ወደ ማርላ ዞሩ። "በዚህ ክረምት የመጣው ሥራ አብዛኛው የሟች ቤት ነበር። ወራሾቹ ናቸው የሚያስገምቱት። ገብተሽ ስታዪ ካፖርቱ እንደተሰቀለ ነው፣ መነጽሩ አልጋው አጠገብ ነው። ራይኖ ከሞተ ገና ነው ብዬ አንቺን እዚያ ማስገባት ከበደኝ። መጠየቅ ነበረብኝ።"

ማርላ በየቀኑ ከሥራ ስትወጣ የምትገባው እንዲህ ያለ ቤት ውስጥ እንደሆነ ልትነግራቸው አፏ ላይ ደርሶ ነበር።

"መስመሮቹን ልሰርዛቸው" አለች።

"የተሠራ ሥራ አይሰረዝም፤ አንብበሻል።"

እስክሪብቷቸውን አንሥተው ከእያንዳንዱ መስመር ጎን ቀስ እያሉ ፈረሙ። ብሪን እስኪጨርሱ ቆማ ጠበቀች። አሥራ አንዱ ቤት የበላባት ሃምሳ ስምንት ሰዓት ነው፤ እስከ ግንቦት መጨረሻ ስድስት ሳምንት ቀርቷል። የሚመጣውን ቤት ሁሉ ብሪን እንድትለካ ተወሰነ። የራሷ ሰዓት ሳይሞላ ግንቦት እንደሚያልፍ እያወቀች፣ ይሁን ያለችው ማርላ ራሷ ነች።

በማግስቱ ጠዋት ካፖርቱ ከመስቀያው ወረደ፤ ቁልፉ ተንቀጫቀጨ፤ መሰላሉ ግድግዳውን ነካ። ማርላ በዚህ ቀን ቀና ብላ አየች። ብሪን መሰላሉን ትከሻዋ ላይ አስተካክላ፣ በሩ ላይ ሳትቆም ወጣች።