እሁድ እሁድ የሚበሉ ሴሎች

በሰውነቷ ቅጥነትም በምላሷ ስለትም "መርፌ" ይሏታል። የዶክትሬት ጥናቷን ከጀመረች ሦስት ዓመቷ ነው፤ ከሰው ይልቅ ከካንሰር ሴሎች ጋር የዋለችበት ቀን ይበልጣል።

የምታሳድጋቸው ሴሎች በቤተ ሙከራ ሳህን ላይ ተቃቅፈው የሚኖሩ ናቸው። የሚያስተቃቅፋቸው ካድሄሪን የሚባል ፕሮቲን ነው። የዕድገት ፕሮቲን የሚሉት ሌላው ጠብ ሲልላቸው ግን ካድሄሪናቸውን ወደ ውስጥ ሰብስበው፣ ጭራሽ እንደማይተዋወቁ ሆነው በየፊናቸው ይበተናሉ። ካንሰር ከጡት ተነስቶ ወደ ሳንባ መጓዝ ከሚጀምርባቸው መንገዶች አንዱ ይህ ክህደት ነው። መርፌ ለአንዱ ሳህን የዕድገት ፕሮቲን ሰጥታ፣ ሌላውን ከልክላ፣ ልዩነቱን ልታሳይ ነበር።

ችግሩ፣ የተከለከለውም ይበተን ጀመር። ሦስት ሰኞ በተከታታይ።

ሴሎቹ የሚመገቡት ሴረም፣ ከደም የሚጣራው ፈሳሽ፣ ራሱ በዕድገት ፕሮቲን የተሞላ ስለሆነ ከሙከራው በፊት አንድ ቀን ያለ ሴረም መራብ አለባቸው። መርፌ ደግሞ እሁድ ጠዋት እየመጣች በገዛ እጇ ታስርባቸው ነበር። ታዲያ ምን በልተው ነው የሚበተኑት?

"እጅሽ ነው" አሏት ቤተ ሙከራውን የሚመሩት ፕሮፌሰር። "ሴል እጅ ያውቃል። የእናቴ መቀነት አደናቀፈኝ አትበይኝ።" በአራተኛው ሰኞ ካልተስተካከለ ሥራው ለቀብራራው ይሰጣል ተባለ። ቀብራራው አጠገቧ የሚሠራ፣ ነጭ ጋዋኑን የሚያስተኩስ፣ ፕሮፌሰሩ ሲያስነጥሱ ለማጨብጨብ ምንም የማይቀረው ዶክተር ነው። ሥራው ከተወሰደ የሦስት ዓመት ልፋቷ ገደል ገባ ማለት ነው።

በአራተኛው እሁድ ሴሎቹን አስርባ ወጣች፤ ግን አላስቻላትም። ምናልባት ማሞቂያ ሳጥኑ ይሆናል ብላ ሙቀቱን ልትለካ ከምሳ በኋላ ተመለሰች። በሩን ስትከፍት ፕሮፌሰሩን እጅ ከፍንጅ ያዘቻቸው። እጅጌያቸውን ሰብስበው፣ ፒፔት የሚሉትን ጠብታ መስጫ ይዘው፣ ሳህኗ ላይ አጎንብሰው "አይዟችሁ የኔ ልጆች" ይላሉ።

"ጋሼ፣ ምን እያደረጉ ነው?"

"ሴረም ረስተሽባቸው ነዋ። ሴረም ያለበት ፈሳሽ ሲነቀነቅ ያረፋል፤ ይሄ አረፋ የለውም፤ ይሄን ለማወቅ መነጽር አያስፈልገኝም። እንዳታፍሪ ብዬ በየእሁዱ ዝም ብዬ እጨምርልሻለሁ።"

"እንዲራቡ ነው የተውኳቸው። የሙከራው ዕቅድ ላይ ተጽፏል፤ ፈርመውበታል።"

"መፈረም ፈርሜያለሁ። አንብቤዋለሁ የሚል ግን ከአፌ ወጣ?"

ከዚያ ቁጭ አሉና ተናዘዙ። ስብሰባ ለስብሰባ ሲዞሩ ሴል ከነኩ አሥራ አምስት ዓመት ሆኗቸዋል። እሁድ እሁድ ሚስታቸውን "በእግሬ ልንሸራሸር" ብለው እዚህ ይመጣሉ። "ርቧቸው ሳያቸው አንጀቴን በሉት" አሉ። መርፌ ሳቋም እንባዋም እኩል መጣ፤ ንዴቷ ግን ሁለቱንም ቀደመ። ሰኞ በሁሉም ፊት እውነቱን እንዲናገሩ ቃል አስገባቻቸው።

ሰኞ ስብሰባ ላይ ፕሮፌሰሩ ቃላቸውን ጠበቁ። ተነስተው "ሴሎቹን ሳበላ የነበርኩት እኔ ነኝ፤ ልጅቷ ምንም አላጠፋችም" አሉ።

ቀድሞ አፉን የከፈተው ቀብራራው ነበር። "የተማሪውን ጥፋት በራሱ የሚሸከም እንዲህ ያለ አባት ከየት ይገኛል?"

"የምሬን ነው፣ እኔ ነኝ" አሉ ፕሮፌሰሩ።

"እናውቃለን ጋሼ፣ እናውቃለን" አለ ቀብራራው፤ ሌሎቹም በአድናቆት ራሳቸውን ነቀነቁ። ሰውዬው በማሉ ቁጥር ቅድስናቸው እየጨመረ፣ የመርፌ እጅ ስም እየከፋ ሄደ። እውነቱን ተናግረውላት እንኳ እውነቱ የእሳቸው ደግነት ሆኖ ቀረ።

መርፌ ተነሳች። ሁለት ሳህን አምጥታ የሁለቱንም ሴሎች ሁሉም ሰው እያየ አስራበቻቸው፤ ክዳኖቹ ላይ ቀብራራውን አስፈረመችው። ለአንዱ ሳህን ፕሮፌሰሩ በገዛ እጃቸው ሴረም ጨመሩ። ሌላውን ማንም ሳይነካው ሁለቱም ማሞቂያ ሳጥን ውስጥ ተቆለፈባቸው።

ማክሰኞ ሁሉም ማይክሮስኮፑን ከበበ። የተራቡት ሴሎች ተቃቅፈው፣ በመሃላቸው መርፌ የሚያስገባ ቀዳዳ የለም። የበሉት በየጥጉ ተበትነዋል። ቀብራራው አየ፣ ደግሞ አየ፣ ቀና ብሎ "ጋሼ፣ የእርስዎ ስህተት እንኳ እንዴት ያለ ንጹህ ውጤት ይሰጣል" አለ።

"አንተ ዝም በል" አሉት። ከዚያ ወደ መርፌ ዞሩ። "እጅሽን ሦስት ሰኞ በከንቱ ሰደብኩት። ሥራው ያንቺ ነው።"

ሦስት ሳምንት ሙሉ ቤቷ ብርጭቆ ሲሰበር "እጄ ነው"፣ ወጥ ጨው ሲበዛበት "እጄ ነው" ስትል ነበር የከረመችው። ማታ እጇን አምፖል ስር ዘርግታ ያየችበት ቀንም አለ። አሁን "ይቅር ብያለሁ" ልትል አፏን ከፈተች፤ ቃሉ አልወጣላትም።

"እሁድ እሁድ ቤትዎ ይዋሉ፣ ጋሼ" አለችና ሳህኖቿን ይዛ ወጣች።