በሩን የማይዘጋው ሻለቃ

በእንግሊዝ አገር የብራክንሾ ሕዝብ ስለ ምክር ቤት እንደራሴው ስለ ሻለቃ ኦብሪ ሃርግሪቭ ጥንካሬ ማውራት ከጀመረ ማቆሚያ የለውም። ሰውየው በክረምት ብርድ መስኮቱን ወለል አድርጎ ይተኛል። ሎንዶን ያለው ቢሮው የመጨረሻው ፎቅ ላይ ነው፤ እሱ ግን በእግሩ ይወጣል እንጂ ሊፍት ውስጥ ገብቶ አያውቅም። መኪናው ጣሪያ የላትም፤ ዝናብ ሲመጣ ሚስቱ ጃንጥላዋን ትዘረጋለች፣ እሱ ውሃው በአፍንጫው ላይ እየወረደ ያፏጫል። ምክር ቤት ውስጥ እንኳ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ያየው ጥቂት ሰው ነው፤ በር አጠገብ ቆሞ ነው የሚያዳምጠው። የቢሮው በርማ ተዘግቶ አያውቅም። ደጋፊዎቹ "በሩ ለድሃ ክፍት የሆነ የብረት ሰው" እያሉ በፓርቲያቸው ቀለም፣ በሰማያዊ ወረቀት አትመው በየግድግዳው ይለጥፉታል።

እውነቱን የምታውቀው ሚስቱ ሲስሊ ብቻ ነች። ሻለቃው የተዘጋ ነገር ይፈራል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ ጣሊያን አገር፣ የተጠለሉበት ምድር ቤት ከነሕንፃው ተደርምሶ ከወታደሮቹ ጋር ጨለማ ውስጥ ተቀብሮ አድሮ ነበር። በጥፍሩ ቆፍሮ ሁሉንም በሕይወት አወጣ። ሜዳልያ ተሰካለት፣ ጋዜጦቹም "የብረቱ ሰው" የሚል ስም አወጡለት። የብረቱ ሰው ግን ከዚያን ጊዜ ጀምሮ የመጸዳጃ ቤት በር እንኳ መቀርቀር አቃተው፤ ሲስሊ ኮሪደሩ ላይ ዘብ ትቆምለታለች።

መቼም ዋሸ አይባልም። ሰዎች ፍርሃቱን ጀግንነት ሲሉት ዝም አለ እንጂ እሱ ራሱ አንድ ቀን እንኳ ጠንካራ ነኝ አላለም። ዝምታው ግን ውሎ አድሮ እንጀራው ሆነ።

ጦርነቱ ካበቃ በስድስተኛው ዓመት፣ ቅጠል በሚረግፍበት ወር፣ ምርጫ ተጠራ። ተቃዋሚዎቹ ባለ ቀይ ጥብጣቦች፣ የሠራተኛው ፓርቲ ሰዎች፣ በዚያ ዓመት በብራክንሾ በርትተው ነበርና ሻለቃውን ከውድቀት የሚያድነው ስሙ ብቻ ነበር። የምርጫ ወኪሉ ሚስተር ፒሊንግ ይህንኑ ቁርስ ላይ፣ ምሳ ላይና ሻይ ላይ ይነግረዋል። ፒሊንግ ደግ ሰው ነው፤ ጭንቀት ግን ከእናቱ ሆድ ይዞት የወጣ ነው።

አንድ ምሽት ሻለቃው ኔዘርጊል መንደር በከሰል ቆፋሪዎቹ አዳራሽ ውስጥ ንግግር ያደርግ ነበር። እንደ ልማዱ መድረኩን ትቶ በሩ አጠገብ ቆሟል። ስለ ማዕድን ሠራተኛው ኑሮ ሲናገር ሲናገር፣ መሐል ላይ ኔሊ ክሌግ ተነሣች። ኔሊ የማዕድኑ ምግብ ቤት አብሳይ ናት። ከቄሱ በቀር ማንንም አንቱ ብላ አታውቅም፤ ቄሱም ቢሆኑ ስብከት ካስረዘሙ አይተርፏትም።

"አንተ ሻለቃ!" አለች። "ስለኛ ጉድጓድ ይህን ያህል የምትቀባጥረው፣ ለመሆኑ አንድ ቀን ወርደህበት ታውቃለህ?"

"የኔ እመቤት፣ በርግጥ አልወረድኩም፤ ግን—"

"'ግን' እዚያ ታች አትሠራም! ነው ወይስ ሱሪህ ይቆሽሽብሃል?"

"ሱሪውን የምትታጠቀው ሚስቱ ናት!" አለ ከኋላ አንዱ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ።

ሻለቃው ሊስቅ አስቦ አፉን ከፈተ። አፉ ግን ባለቤቱን ሳያስፈቅድ ተናገረ። "ሐሙስ ጠዋት ከእናንተ ጋር እወርዳለሁ!"

ጭብጨባው ቀለጠ። ፒሊንግ ከደስታ ብዛት የማያውቃትን ሴትዮ አቀፈ። ሻለቃው ብቻ የበሩን መቃን ይዞ ቆመ።

ቤት ሲገባ ሲስሊ ወሬውን ቀድማ ሰምታ ኖሮ ሻዩን እንኳ ሳታቀርብ ጀመረች።

"ጉንፋን ይዞታል ብዬ ልደውልላቸው?"

"ስድስት ዓመት በብርድ ተኝቼ ያልያዘኝ ጉንፋን ሐሙስን ጠብቆ ያዘኝ ቢባል ማን ያምናል?"

"እግርህን ልስበርልህ?"

"የትኛውን?" አለና ሁለቱም ሳቁ። ከዚያ ሳቁ አለቀ።

"ኦብሪ፣ ለምን አትነግራቸውም?" አለች።

"ፈሪ ነኝ ብዬ? በቃ፣ ወንበሩ ሄደ ማለት ነው። ደግሞስ ያቺን 'የብረቱ ሰው' የምትባለውን ብታነሺብኝ ከኔ ላይ ምን ይቀራል?"

"የሚቀረውንማ እኔ አግብቼዋለሁ" አለች ሲስሊ፤ ተነሥታም ሻዩን አመጣች።

ሐሙስ ጠዋት ፒሊንግ የጋዜጣ ሰዎችን አሰልፎ ጉድጓዱ አፍ ላይ ጠበቀው። ኔሊም የምግብ ቤቱን ሥራ ትታ፣ ሽርጧን እንደታጠቀች፣ እጇን አጣምራ ቆማለች። ሻለቃውን የተረከበው ባሏ ኢኖክ ነበር። ኢኖክ ጸጉሩ የነጣ፣ አንገቱ አጭር፣ ዕድሜውን ሙሉ ጎንበስ ብሎ በመሥራት ትከሻው የሰፋ ሰው ነው። ሄልሜት አጠለቀለት፣ ክብሪትና ሲጋራ አለመያዙን ኪሱን ዳብሶ አረጋገጠ፣ ወደ ማውረጃው የብረት ሳጥንም መራው።

"ግባ፣ የኔ ልጅ። ጭንቅላትህን ዝቅ፣ ክርንህን ሰብሰብ።"

ሻለቃው ገባ። ከኋላው ቆፋሪዎቹ እየተገፋፉ ገቡበት፤ ጀርባ ከጀርባ፣ ሆድ ከሆድ ተጣበቁ። የብረቱ በር ሲዘጋ የወጣው ድምፅ አጥንቱ ድረስ ዘለቀ። ደወል ተደወለ፣ ወለሉ ከእግሩ ሥር የከዳው መሰለው፣ ብርሃኑም ወደ ላይ ሸሽቶ ጠፋ።

ወዲያው ሰዎቹ ወሬ ጀመሩ።

"የጆ እርግብ ቅዳሜ ለውድድር እንደተለቀቀች እስካሁን ቤቷ አልገባችም አሉ።"

"በእግሯ እየመጣች ነዋ!"

"ኧረ አውቶቡስ እየጠበቀች ነው። ወረፋው አያድርስ ነው።"

"የኔን እርግብ ተዉአት!" አለ ጆ የተባለው ከጥግ። "ያንተዋ እንደሆን ድመት ወልዳለች እየተባለ ነው!"

ሻለቃው ይህን ሁሉ የሚሰማው ከሩቅ ነበር። ላብ አጥምቆታል። የሚሸተው ከሰል አልነበረም፤ የዚያ ምድር ቤት የፈረሰ ግድግዳ ነበር። ደረቱ ላይ የተቀመጠበት ነገር አየር ነሳው። በጣሊያኑ ጨለማ ውስጥ ወታደሮቹ እንዳይሰሙት አፉን በክንዱ ደፍኖ ነበር ያለቀሰው። አሁን ክንዱ ሁለት ሰው መሐል ተጣብቆ አልንቀሳቀስ አለው።

"አቁሙት" አለ። "እባካችሁ አቁሙት። ፈርቻለሁ። እኔ የተዘጋ ነገር አልችልም።"

ወሬው ቀጥ አለ። በጨለማው ውስጥ የሚሰማው የገመዱ ፉጨት ብቻ ሆነ። ሻለቃው ሳቁን ጠበቀ።

"ማቆምስ አይቻልም፣ የኔ ልጅ" አለ የኢኖክ ድምፅ ጆሮው ሥር። "ግን እኛስ ስለ እርግብ የምናወራው ለምን ይመስልሃል?"

ማንም አልሳቀም። አንድ ሰፊ እጅ መጥቶ ክንዱን ጨበጠው።

"እርግብ አለህ?" አለ ኢኖክ።

"የ... የለኝም።"

"ውሻስ?"

"አለኝ። ባርናቢ ይባላል።"

"ምን ጉድለት አለበት? ጉድለት የሌለበት ውሻ የለም።"

ሻለቃው ትንፋሹን ሰበሰበ። "በግ... በግ ይፈራል።"

"በግ በሞላበት በዮርክሻየር መሐል?" አለ ጆ። "ምስኪን! እንዴት ነው የሚኖረው?"

"አልጋ ሥር ነው የሚኖረው። ባለፈው አንዲት ጠቦት አጥር ዘልላ ብትገባ ዘልሎ ሚስቴ እቅፍ ውስጥ ገባ። ውሻው ደግሞ የጥጃ ያህል ነው..."

ያን ጊዜ ሳቁ መጣ፤ የጠበቀው ዓይነት ሳቅ ግን አልነበረም። ሳጥኑ መሬት ሲነካ ሻለቃው ገና ስለ ባርናቢ እያወራ ነበር። ታች አንድ ሰዓት ያህል ቆየ፤ በጉልበቱ ሄደ፣ አካፋም ያዘ፣ ኢኖክ ከቆርቆሮ ምሳ ዕቃው ዳቦ በሥጋ ሞራ ቆርሶ ሰጠው። ፍርሃቱ አልለቀቀውም። ግን ብቻውን አልነበረምና ቻለው።

ሲወጡ የጋዜጣ ሰዎቹ ከበቡት። ፊቱ ጠቁሯል፣ ዓይኑ ቀልቷል።

"ሻለቃ፣ ለብረቱ ሰው እንዴት ነበር?"

እሱ ሳይመልስ ኢኖክ ቀደመ። "ምን እንዴት ነበር ትላለህ! ገበያ እንደሚወርድ ሰው እያፏጨ ነው የወረደው። እንዲህ ያለ ሰው አይቼ አላውቅም።" ጆና ሌሎቹም፣ ድምፃቸውን ለቀዮቹ የሚሰጡት ሁሉ፣ "እውነት ነው፣ እውነት ነው" አሉ።

ፒሊንግ በደስታ ሊበር ደረሰ። ሻለቃው ግን ኢኖክን አየው። ይህ ሽማግሌ አንድ ነገር ላላደረገለት ሰው ሲል፣ በሚስቱ ፊት፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ ይዋሻል። ሻለቃውን ውለታው ከበደው፣ አሳፈረውም። ዝም ቢል ወንበሩ የሱ ነበር፤ ዝም ማለትን ደግሞ ከማንም በላይ ያውቅበታል።

"ኢኖክ ደግ ሰው ነው፤ የለየለት ውሸታምም ነው" አለ። "በፍርሃት ልሞት ነበር። አቁሙት ብዬ ለመንኳቸው። የተዘጋ ነገር እፈራለሁ፤ ጣሊያን ከተቀበርኩ ጀምሮ እንዲሁ ነኝ። እነዚህ ሰዎች ይዘውኝ ባይወርዱ ኖሮ እስካሁን እየጮህኩ ነበር። እንደዚያ ጻፉት።"

እንደዚያው ጻፉት። በማግስቱ ፒሊንግ ጋዜጣውን በሁለት ጣቱ እንደ ሞተ አይጥ አንጠልጥሎ መጣ።

"አለቀልን! 'የብረቱ ሰው' እያልኩ ከተማውን በወረቀት ሸፍኜዋለሁ! ምን ላድርገው አሁን?"

"ታች ላይ 'ትንሽ ዝጓል' ብለህ ጨምርበት" አለው ሻለቃው። ከዓመታት ወዲህ እንደዚያ ጠዋት ቀልሎት አያውቅም።

በምርጫው ዋዜማ ኔዘርጊል አዳራሽ ጢም ብሎ ሞላ። ሰው የመጣው ንግግር ለመስማት ሳይሆን ኔሊ ስታዋርደው ለማየት እንደሆነ የታወቀ ነው። ሻለቃው በሩ ላይ ቆመና ገና "ክቡራትና ክቡራን" ከማለቱ ኔሊ ተነሣች።

"ቁጭ በል፣ ወይም ቁም፣ እንዳሻህ" አለች። "እንቅልፍ ነሥተኸኛል።"

"እኔ?"

"አዎ አንተ! ለዚህ ሰውዬ" አለች ኢኖክን በአገጯ እያሳየች፣ "ስንት ዘመን ምሳ ቋጥሬ ሸኘሁት። ማታ ሲመጣ ታች እንዴት ዋልክ እለዋለሁ፣ ስለ እርግብ ያወራኛል። ትናንት ማታ ያስቀመጠውን ጋዜጣህን ዳግም አነበበ፣ አጠፈው፣ 'እኔም እኮ ነኝ፣ ኔል' አለኝ። 'ምን ነህ?' ብለው፣ 'እኔም እፈራለሁ። በየቀኑ' አለኝ።"

ኢኖክ ኮፍያውን በእጁ እያዞረ መሬት መሬት ያያል።

"ታናሽ ወንድሙ ጣሪያ ተንዶበት ነው የሞተው። ሬሳውን ያጠብኩት እኔ ነኝ። ግን ወንድሙ እስኪያልፍ ድረስ ኢኖክ እጁን ይዞት እንደነበር የሰማሁት ትናንት ነው። ትናንት! እሱ አለቀሰ፣ እኔ አለቀስኩ፣ ሻዩም ቀዘቀዘ።" በሽርጧ ጫፍ አፍንጫዋን ጠራረገች። "ላመሰግንህ ነው የመጣሁት፤ አመሰግናለሁ። ድምፄን ግን አልሰጥህም። ሰማያዊ ብመርጥ አባቴ ከመቃብር ተነሥቶ በጥፊ ያጮለኛል።"

ጭብጨባውና ሳቁ ተደባለቀ። ሻለቃው የተዘጋጀበትን ንግግር አጥፎ ኪሱ ከተተና አጠገቡ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ከቆፋሪዎቹ ጋር ተቀመጠ። የቀረው ምሽት በወሬ አለፈ። ስለ ጦርነቱ የጠየቁትን ሁሉ መለሰ። ሦስት ሰዎች ስለ ራሳቸው ነገሩት፤ ሚስቶቻቸው ከጎናቸው ተቀምጠው አፋቸውን በእጃቸው ይዘው ሰሙ።

ድምፅ በተሰጠ ማግስት፣ እኩለ ቀን ላይ፣ ውጤቱ በከተማው አዳራሽ ደጃፍ ተነገረ። ሻለቃ ሃርግሪቭ አሸነፈ፤ በጥቂት ድምፅ፣ አንድ አውቶቡስ በሚሞላ ሰው ብቻ። የቀዮቹ ሰው እጁን ጨብጦ "የኔዘርጊል ሰዎች ናቸው የጎዱኝ። እዚያ ሰማያዊ ወረቀት ታይቶ አያውቅም ነበር" አለው።

ይህን የሰማ ሁሉ ዞሮ ኔሊን አየ።

"እኔ አይደለሁም!" ብላ ጮኸች ኔሊ። "በአባቴ አጥንት፣ እኔ አይደለሁም!" ሕዝቡ በሳቅ አውካካ፣ ደረጃው ላይ የቆመችው ሲስሊ ሳትቀር። ኔሊ ፊቷ ቲማቲም መስሎ ቆየችና አንድ ነገር የታወሳት ይመስል ቀስ ብላ ወደ ባሏ ዞረች።

"ኢኖክ?"

ኢኖክ ሰማይ ሰማይ ያይ ነበር።

"ኢኖክ ክሌግ፣ እኔን እየኝ! ማንን ነው የመረጥከው?"

"ኔል" አለ ኢኖክ ክንዷን ያዝ አድርጎ፣ "ሌላውን ሁሉ ነግሬሻለሁ። ይቺን እንኳ ለኔ ተዪልኝ።"