የድንጋይ ቤቱ ቅንድብ

የሞያሌን፣ የኬንያውን ሞያሌ ማለቴ ነው፣ ሰው ቤት ከነጓዳው የማውቅ እኔ ነኝ። ለመኩራራት አይደለም የምለው፤ ኧረ ለመኩራራትም ነው። ሰው ቤት ስገባ ዓይኔ አያርፍም። ማን ምን እንደቀቀለ፣ የማን ምራት አኩርፋ እንደተኛች፣ የማን ባል መኝታውን ወደ ሳሎን እንዳወጣ ሳልጠይቅ አውቃለሁ። ጎሊቻ "ወርቅአየሁ፣ ብትማሪ ኖሮ ሰላይ ይወጣሽ ነበር" ይለኛል። እኔም "ስላልተማርኩ ነው በነጻ የምሠራው" እለዋለሁ።

ጎሊቻ ቦረና ነው፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ዕድሜውን ሙሉ ያስተማረ ሰው። ኬንያ አስተማሪን ምዋሊሙ ስለሚሉ እኛም ምዋሊሙ እንለዋለን። ጡረታ ወጥቶ እንኳ አላረፈም። በጭነት መኪና ላይ ተንጠልጥሎ ኡራን የሚባል ገጠር ድረስ እየሄደ የከብት አርቢዎቹን ልጆች ያስተምራል። መጻሕፍቱ ያሉት ቆርቆሮ ሳጥን ውስጥ ነው፤ ዛፍ ሥር ያወጣቸዋል፣ ነፋስ ሲመጣ መልሶ ይቆልፍባቸዋል። እንግዲህ የዚህ ሰውዬ ምኞት አንድ ብቻ ነበር። መጻሕፍቱ ከሳጥን የሚወጡበት፣ ልጆች የሚያነቡበት፣ ሽማግሌና አሮጊት ተረት የሚያወራበት ቤት። ቤቱንም መርጦታል፤ የድንጋዩን ቤት።

የድንጋዩ ቤት ወደ ቦሪ በሚወስደው መንገድ ጉብታው ላይ የነበረ ፍርስራሽ ነው። ከናይሮቢ የቅርስ መሥሪያ ቤት የመጣችው አግነስ የምትባል ልጅ "አምስት መቶ ዓመት ሳያልፈው አይቀርም፣ የሲራራ ነጋዴ ማረፊያ ይመስላል" አለች። ሙስሊሙ መስጊድ ነበር ይላል። እኛ ክርስቲያኖቹ የመናኝ ቤት ነበር እንላለን። ቦረናው ሁለታችሁም ሳትመጡ የነበሩ ሰዎች የሠሩት ነው ብሎ ይስቅብናል። እኔ በዓይኔ የማውቀው ግን ጣሪያ የሌለው፣ ፍየል የሚያድርበት፣ ጎረምሳ ተደብቆ ጫት የሚቅምበት ቤት መሆኑን ነው። ስሟን የማልጠራት የአንዲት ሴትዮ ልጅም እዚያ ነው የተጠነሰሰችው። ልጅቷ አሁን ነርስ ናት፤ ተዉት።

ኢትዮጵያ ሚሊኒየሙን ልታከብር ሽር ጉድ በምትልበት ዓመት ነው ጎሊቻ ደጅ ጠንቶ፣ ደጅ ጠንቶ ሥራውን ያስጀመረው። ግንበኞቹ ሲሚንቶ እንዳይነኩ አግነስ ስለከለከለች በኖራ ነበር የሚሠሩት። ሴቶቹ ውሃ አመላለሱ፤ እኔም አንድ ቀን አንድ ባልዲ ይዤ ወጥቼ እስከ ማታ ሳወራ ዋልኩ። ግድግዳው ቆመ። ጣሪያው ገባ። የቀረው ከበሩ በላይ እንደ ቅንድብ የሚዞረው ብቻ ነው። የተማሩት ቅስት ይሉታል፤ እኔ ቅንድብ ነው የምለው።

ቅንድቡ የለም። ድንጋዮቹ አንድ በአንድ ተወስደዋል። ተራ ድንጋይ እንዳይመስላችሁ፤ አንድ ጎናቸው ሰፊ፣ አንድ ጎናቸው ጠባብ ሆነው የተጠረቡ ናቸው። ፊታቸው ላይም እንደ ሹሩባ የተጎነጎነ ቅርጽ አለባቸው።

አግነስ ግልጹን ተናገረች። "ቅንድቡ በገዛ ድንጋዩ ካልቆመ ቤቱን በቅርስነት አላስመዘግበውም። ካልተመዘገበ ደግሞ ቦታው የማዘጋጃ ቤቱ ነው። ከብት ማጫኛ ሊያደርጉት የሚፈልጉ ሰዎች እንዳሉ ታውቃላችሁ። ዝናቡ ሳይገባ እመለሳለሁ።"

ጎሊቻ ባርኔጣውን አወለቀ፣ መልሶ አጠለቀ።

በማግስቱ ባራዛ ተጠራ፤ ባራዛ ማለት እኛ ዘንድ የሕዝብ ስብሰባ ነው። ጎሊቻ ቆሞ ለመነ። "ድንጋዩ ያለው ሰው ይመልስ፤ ማንንም አንጠይቅም" አለ። ያ ሁሉ ሕዝብ ሰማይ ሰማይ ያይ ጀመር፤ ዝናብ ያለ ይመስል። ማን ይናገራል? ድንጋዩን የመለሰ ሰው አያቴ ሌባ ነበር ማለቱ ነዋ።

ስብሰባው ሲበተን ጎሊቻ ወደኔ መጣ። ወሬዬን ዕድሜ ልኩን ሲንቅ የኖረ ሰው ነው።

"ወርቄ" አለኝ ቀስ ብሎ፣ "አንቺ የሁሉንም ጓሮ ታውቂያለሽ።"

"አልሰማሁህም ምዋሊሙ፣ ጆሮዬ ደክሟል።"

"የሁሉንም ጓሮ ታውቂያለሽ አልኩሽ።"

"አውቃለሁ" አልኩት ጠግቤ። "ግን ስም አልሰጥህም። ስም ከሰጠሁህ ፖሊስ ይዘህ ትሄዳለህ፣ ድንጋዩ ጉድጓድ ይገባል። ለኔ ተወው።"

በቀጥታ ሀዋኦ ጋ ሄድኩ። ሀዋኦ የግመል ወተት ነጋዴ ናት፤ ጓደኛዬ ናት፣ ባላንጣዬም ናት። ጓሮዋ ውስጥ የወተት ጄሪካኖቿን የምትደረድርበት ድንጋይ ፊቱ ሹሩባ እንዳለው ካየሁ ቆይቻለሁ።

"ሀዋኦዬ፣ ለማንም እንዳትነግሪ" አልኳት። ይሄን ካልኳት ከተማው ከመግሪብ በፊት እንደሚሰማ አውቃለሁ።

"እኔ መቃብር ነኝ። ንገሪኝ።"

"ያ የድንጋይ ቤት ሲፈርስ አባቶቻችን ተሰብስበው ድንጋዩን ተካፈሉት አሉ። አደራ ነው። ቤቱ ተመልሶ እስኪቆም በየቤታችሁ ጠብቁ ተባብለው። ላልታመነ ሰው አልተሰጠም።"

የሀዋኦ ዓይን ቀስ እያለ ወደ ጄሪካኖቹ ሄደ።

"የባሌ አያት እጅግ የታመነ ሰው ነበር" አለች።

"እሱንማ ማን ይክዳል።"

"የሱ ግመል ሲጠፋ እንኳ የሰው ግመል ነድቶ አያውቅም።"

"ለዚህ ነዋ የሰጡት።"

በማግስቱ ጠዋት ሀዋኦ አዲስ የጋርቤ ሻርፕ ለብሳ፣ ድንጋዩን በምኮኮቴኒ፣ በእጅ ጋሪ ማለት ነው፣ አስጭና ገበያውን አቋርጣ ወጣች። በአቋራጭ መሄድ ስትችል ነው በገበያ መሀል የዞረችው። "የባሌ አያት አደራ!" ትላለች ለሚጠይቃትም ለማይጠይቃትም።

ከሰዓት አብዱራሺድ መጣ። ባለ ሆቴል ነው፤ ደንበኞቹ ለሶላት እግራቸውን ሲታጠቡ የሚቀመጡበትን ድንጋይ ነቅሎ፣ ወንድ ልጆቹን በሙሉ አሰልፎ መጣ። የሀዋኦን ድንጋይ ዞር ብሎ አየና "ይቺ የጎን ናት፤ የኛ የትከሻው ነው። አያቴን ከባዱን ነው ያሸከሙት" አለ። ሀዋኦ ሰምታ ለሁለት ሳምንት ወተት አልሸጥለትም ብላ ማለች።

በሳምንቱ የቀሩት ባለ ሹሩባ ድንጋዮችም አንድ በአንድ ገቡ። ከዚያ በኋላ የመጣው ጉድ ነው። ድንጋይ ያልነበራቸው ሰዎች እንቅልፍ አጡ። አያቱ ያልታመነ ሰው ነበር መባልን ማን ይወዳል? አንዱ ድቡልቡል የወንዝ ድንጋይ አመጣ። አንዷ የገዛ ወፍጮዋን አመጣች፣ ማሽላው ገና አልተራገፈላትም። ሌላው ያመጣው ብሎኬት ነው፤ ወደ ሽንት ቤት የሚያመለክት ቀስት ተቀብቶበታል፣ ቀለሙም ገና አልለቀቀም። ሁሉም "የአያቴ አደራ" ነው የሚሉት። ግንበኞቹ ቆመው እስኪያለቅሱ ይስቃሉ። ጉብታው ላይ ሌላ ጉብታ ተሠራ።

ጎሊቻ ግን አልሳቀም። ወደ ጥላው ወሰደኝ።

"ይሄን የአደራ ወሬ ማን ጀመረው?"

"እንጃ። ወሬ አባት የለውም።"

"እናት ግን አለችው" አለና አፈጠጠብኝ።

"ድንጋይ ፈልገህ አልነበረም? ይኸው፣ ቅንድቡ ከአንዷ በቀር ሞላልህ።"

"ወርቄ፣ እዚህ ቤት ልጆችን አስገብቼ ስለ ቤቱ ሲጠይቁኝ ምን ልበላቸው? የመጀመሪያ ትምህርታቸው ውሸት ሊሆን ነው?"

"ውሸት አትበለው፤ ተረት በለው።"

"ተረት ሰሚው ተረት መሆኑን ሲያውቅ ነው።"

ወሬ ለወጥኩና ድንጋዮቹን መቁጠር ጀመርኩ።

የጎደለችው ቁንጮዋ ነበረች፣ ሁሉን ቆልፋ የምትይዘው የመሀሉ ድንጋይ። እሷ ያለችው ከኬላው ወዲያ፣ ኢትዮጵያ ሞያሌ፣ ደምለው ግቢ ውስጥ ነው። ደምለው እንደኔው የደገኛ ልጅ ነው፤ አባቱ አልቤርጎ የከፈተ። ድንጋዩ በመግቢያው ግንብ ውስጥ ተገንብቷል። እኔና ጎሊቻ በእግራችን ተሻገርን። መንገድ ላይ የምለውን ሁሉ አሳምሬ ደርድሬያለሁ።

ደምለው ወንበር አወጣልን። እኔ ጀመርኩ። "ደምለው ልጄ፣ አባትህ ነፍሱን ይማረውና የታመነ ሰው ነበር። ያኔ አባቶቻችን..."

"ውሸት ነው" አለ ጎሊቻ።

ጎኑን ጎሸምኩት፤ እሱ ግን ቀጠለ።

"አደራ የሚባል ነገር የለም ደምለው። ቤቱ ፈረሰ፣ ሰው ድንጋዩን ወሰደ። አባትህም እንደ ሰው ወሰደ። ግንብህን አፍርስ ብዬ ላዝህ አልችልም፤ አገርህም ሌላ ነው። እለምንሃለሁ እንጂ። ያቺ ድንጋይ ከሌለች ቤቱ አይመዘገብም፣ ከብት ይጫንበታል።"

ደምለው ግንቡን አየ። አሁን ይሄ ሰውዬ አበላሸው፣ አለቀልን ብዬ ነጠላዬን ማጣፋት ጀመርኩ።

"ከሥሯ ማን ሊያልፍ ነው?" አለ ደምለው።

"ልጆች።"

"የማዶ ልጆች?"

"ሞያሌ ውስጥ የማዶ የሚባል ልጅ አላውቅም። ያንተም ይምጡ።"

ደምለው ሳቀ። "ምዋሊሙ፣ ትናንት ሦስት ሰው መጥቶ ስለ አባቴ አደራ ሲያወራኝ ነበር። አባቴን አውቀዋለሁ። ለጎረቤት ምስማር እንኳ አያበድርም ነበር። ሦስቱንም አባረርኳቸው" አለና ዲጅኖ እንዲመጣ ተጣራ። ድንጋዩ ሲነቀል ግንቡ እስከ ላይ ተሰነጠቀ። "ተዉት፣ በብሎኬት እደፍነዋለሁ" አለ።

እኔ የላኳቸው አልነበሩም፤ ሦስቱ ማን እንደሆኑ ግን አሁንም እያጣራሁ ነው።

ድንጋዩን በእጅ ጋሪ ጭነን ስንመለስ፣ ኬላው ላይ አስካሪው፣ ጠባቂው ፖሊስ ማለት ነው፣ ጋሪውን አስቆመ። "ምንድን ነው?"

"ድንጋይ" አልኩት።

"ኬንያ ድንጋይ ጠፋ?"

"አልጠፋም። የኛው ናት፤ ዘመድ ልትጠይቅ ሄዳ ነው።"

አስካሪው ጎሊቻን ሲያይ ቆቡን አወለቀ፤ ለካስ ተማሪው የነበረ ነው። ጋሪውን ራሱ ገፍቶ አሻገረልን።

አግነስ በመጣችበት ቀን ከተማው ተነቅሎ ጉብታው ላይ ወጣ። ቅንድቡ ከሥሩ በእንጨት ተደግፎ ቆሟል። እንጨቱ ሲወጣ ወይ ይቆማል ወይ ይናዳል። ጎሊቻ እንጨቱ ሳይነካ እጁን አነሳ።

"አንድ ነገር ልንገራችሁ። አደራ የተባለው እውነት አይደለም። ማንም ለማንም ድንጋይ አልሰጠም። የወደቀ ቤት ነበር፣ ሰው ወሰደ። ይሄ የትምህርት ቤት ነው፤ እውነቱን ሳልናገር በሩን አልከፍትም።"

ጎሊቻ እኔን በስም አልጠራኝም፤ ግን የሀዋኦ ዓይን ጀርባዬን ሲበሳኝ ይሰማኛል።

አብዱራሺድ ወደ ፊት ወጣ። "ምዋሊሙ፣ አያቴ ሌባ ነበር ነው የምትለኝ?"

"አያትህን አላውቀውም አብዱራሺድ። አንተን ግን አውቅሃለሁ። ይሄን ድንጋይ ነቅለህ ያመጣኸው አንተ ነህ።"

አብዱራሺድ ጺሙን አሻሸ። "እንግዲያው ሲነገር የኔ ስም ይነገር" አለ። "የአያቴ ይቅር።"

በመጀመሪያ የሳቀው ማን እንደሆነ አላየሁም። ከዚያ ጉብታው ሁሉ ሳቀ። ሴቶቹ "የኔም! የኔም!" ይላሉ። ያ ባለ ብሎኬቱ ሰውዬ ወደ ኋላ ሊሸሽ ሲል ጎሊቻ ጠራው። "ያንተም ድንጋይ ሥራ አለው። የቀሩት ሁሉ በግድግዳው ዙሪያ መቀመጫ ይሆናሉ። ተረት ሰሚ ቆሞ አይሰማም" አለው። የሽንት ቤቱ ቀስት ወደ ሰማይ ዞሮ ተገንብቷል፤ ማንም አይቀመጥበትም።

እንጨቱ ተመታ፣ ወጣ። ድንጋዮቹ ትንሽ ኖራ አራገፉና ጸጥ አሉ። ቅንድቡ ቆመ። አግነስ እጇን አፏ ላይ አደረገች። ጎሊቻ የቆርቆሮ ሳጥኑን ራሱ ተሸክሞ፣ አንገቱን ሳይሰብር፣ ከሥሩ አለፈ። ልጆቹ ተከተሉት፤ የደምለው ሁለት ሴት ልጆችም ነበሩበት። እኔ አልቅሼ አላውቅም፤ ያን ቀን ኖራው ዓይኔ ገባ።

ሀዋኦ ለአንድ ሳምንት አኮረፈችኝ። ከዚያ አላስቻላትም፤ አንድ ቅዳሜ ተረት ላወራ ስወጣ በሩ ላይ ቆማ አገኘኋት። ከኢሲዮሎ የመጣ አንድ የጭነት መኪና ሾፌር ቤቱን ሊያይ ወጥቶ ኖሮ፣ እጅጌውን ይዛ ወደ ላይ ታሳየዋለች።

"ከግራ ሦስተኛዋን አየሃት? እሷ የኔ ናት። የባሌ አያት ነው የሰረቃት። የመለስኳት እኔ ነኝ።"

ሾፌሩ አንጋጦ አየ፣ ራሱን ነቀነቀ። ሀዋኦ ደረቷ ተነፋ። እኔ አጠገቧ ቆሜ ነበር፤ አንድም ቃል አልጨመርኩበትም።